ለተፈናቃዮች የሚታቀደው ልማት ከተፈናቃዮች ጋር ይታቀድ

ይድረስ ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፤

በጋዜጣችሁ ስለ ተፈናቃዮች መልሶ መቋቋም የሚወጡትን ዘገባዎችና አስተያየቶች በትኩረት ስከታተል ቆይቻለሁ። አብዛኞቹ ስንት ኩንታል እህል እንደተሠራጨ፣ ስንት ቤት እንደተሠራ፣ ስንት ሚሊዮን ብር እንደተመደበ ይነግሩናል፤ መዘገባቸውም ተገቢ ነው። ቤቱ የሚሠራበትን ቦታ ማን እንደመረጠው፣ የውሃ ጉድጓዱ ይቅደም ወይስ ወፍጮው የሚለውን ማን እንደወሰነ፣ ቤቱ ውስጥ የሚገባው ሰው ከመሠረት ድንጋዩ በፊት አንድ ቃል ተጠይቆ እንደሆነ የሚመረምር ጽሑፍ ግን እምብዛም አላጋጠመኝም። በሰሜን ሸዋ ወረዳዎች ለረዥም ዓመታት በዕቅድና በበጀት ዝግጅት ሥራ ላይ ቆይቼ በጡረታ የተገለልሁ ሰው እንደመሆኔ፣ ከሁሉም በፊት መጠየቅ ያለበት ይህ ነው ብዬ ስለማምን አስተያየቴን እንድታስተናግዱልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። ከተማችን ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በተለይ ከወለጋ ዞኖች በግጭት የተፈናቀሉ በርካታ ሺህ ሰዎችን አስጠልላለች፤ ቻይና ካምፕ፣ ወይንሸት፣ ባቄሎ የሚባሉትን መጠለያዎች የማያውቅ ነዋሪ የለም። ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ በምትገኝ፣ ከጥቅምት ጀምሮ ውርጭ በሚወርድባት ከተማ፣ በቆሎና ማሽላ ሲያርስ፣ ቡና ሲለቅም የኖረ ገበሬ ከነልጆቹ በሸራ ሥር ክረምትን ከበጋ ሲያፈራርቅ ኖሯል። በእነዚሁ ዓመታት ከተማዋ የኢንዱስትሪ ፓርክ ያላት፣ የብርድ ልብስና የቢራ ፋብሪካዎቿ በአዳዲስ ፋብሪካዎች የታጀቡ፣ የሪጂዮፖሊታን ከተማ ደረጃ ያገኘች ሆናለች፤ መንገድ ይከፈታል፣ የውሃ መስመር ይዘረጋል፣ የትምህርት ቤት ማስፋፊያ ይሠራል። ተፈናቃዩ በከተማዋ ወሰን ውስጥ ሆኖ በልማት ዕቅዷ ውስጥ ግን የለም ማለት ይቻላል፤ የሚገኘው በዕርዳታ ዝርዝር ላይ ነው። ዝርዝሩ የሚነግረን ስንት ኪሎ ስንዴ እንደሚያስፈልገው እንጂ ስለሚኖርበት ሰፈር ምን እንደሚያስብ አይደለም።

ወደ ዋናው ነገር ከመግባቴ በፊት አንድ የታሪክ ነጥብ ላንሣ። ከእነዚህ ወገኖች መካከል ደርግ በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. ከወሎ፣ ከትግራይና ከሰሜን ሸዋ አንሥቶ በወለጋ፣ በኢሉባቦር፣ በከፋ፣ በመተከልና በጋምቤላ ካሰፈራቸው 600 ሺህ የሚጠጉ ሰዎች የተወለዱ፣ ወይም ራሳቸው በልጅነታቸው አብረው የተጓዙ ጥቂት አይደሉም። በዚያን ጊዜ ቦታው የተመረጠው፣ ጎጆው በመስመር የተተከለው፣ ምን እንደሚዘራ የተወሰነው ሰፋሪው ሳይጠየቅ ነበር፤ የተቀባዩ አካባቢ ነዋሪም መሬቱን ከማን ጋር እንደሚጋራ አልተጠየቀም። ስንቱ በወባ እንዳለቀ፣ የስንቱ በሬ በገንዲ እንደሞተበት የዚያ ዘመን ሰዎች ያውቁታል። ከዚያ በኋላ ሰዎቹ በራሳቸው ጥረት አገሩን ለመዱ፣ የአካባቢውን ቋንቋ ተናገሩ፣ ተጋቡ፣ ቡና ተከሉ። አርባ ዓመት ሳይሞላ እንደገና ተነቀሉ። ሳይጠየቁ የሰፈሩና ሳይጠየቁ የተፈናቀሉ ሰዎች አሁን ደግሞ ሳይጠየቁ «የሚቋቋሙ» ከሆነ፣ የ1977ቱን አሠራር በተሻሻለ ቅጽ መድገማችን ነው።

ሕጉ ግልጽ ነው። የኢፌዴሪ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 43 ንዑስ አንቀጽ 2 ዜጎች በብሔራዊ ልማት የመሳተፍ፣ በተለይም አባል የሆኑበትን ማኅበረሰብ በሚመለከቱ ፖሊሲዎችና ፕሮጀክቶች ላይ ሐሳባቸው እንዲጠየቅ የማድረግ መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። በጥቅምት 2002 ዓ.ም. በካምፓላ የጸደቀውን፣ በአገር ውስጥ ለተፈናቀሉ ሰዎች ጥበቃና ድጋፍ የሚያደርገውን የአፍሪካ ኅብረት ስምምነትም አገራችን በአዋጅ ቁጥር 1187/2012 አጽድቃዋለች። የስምምነቱ አንቀጽ 9 መንግሥታት ጥበቃቸውንና ድጋፋቸውን በሚመለከቱ ውሳኔዎች ላይ ተፈናቃዮችን እንዲያማክሩና እንዲያሳትፉ ያስገድዳል፤ አንቀጽ 11 ደግሞ ወደ ቀያቸው መመለስን፣ ባሉበት መዋሃድን ወይም ሌላ ቦታ መስፈርን በነጻ ፈቃዳቸውና በቂ መረጃ አግኝተው እንዲመርጡ ማድረግን የመንግሥት ግዴታ ያደርገዋል። ስለዚህ ተፈናቃይን በዕቅድ ማሳተፍ የአንድ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ በጎ ፈቃድ ወይም የዕርዳታ ድርጅት ቅድመ ሁኔታ ተደርጎ መታየት የለበትም፤ የአገሪቱ ሕግ ነው።

ሕጉ እያለ ነገሩ ለምን አይፈጸምም? መልሱን ከዕቅድ ጠረጴዛው ላይ ሆኜ ስላየሁት በዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። የወረዳም ሆነ የከተማ አስተዳደር ዕቅድ የሚነሣው ከሕዝብ ቁጥር ነው። በአገራችን የመጨረሻው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ነው፤ ሕገ መንግሥቱ በየአሥር ዓመቱ እንዲካሄድ ቢያዝም፣ ቀጣዩ ቆጠራ በተደጋጋሚ ተራዝሟል። ስለዚህ የምንሠራው በትንበያ ነው። ትንበያው ውልደትን፣ ሞትንና የተለመደውን ፍልሰት ይዞ ወደ ፊት የሚሄድ ስሌት በመሆኑ በአንድ ክረምት በድንገት የገባን ብዙ ሺህ ሕዝብ አያውቀውም። የክልሉ ጥቅል በጀት ሲከፋፈል፣ የክፍል ተማሪ ጥምርታ ሲሰላ፣ የጤና ጣቢያ መድኃኒት ሲታዘዝ፣ የንጹሕ ውሃ ሽፋን በመቶኛ ሲገለጽ፣ ስሌቱ የሚሠራው ተፈናቃዩን በማያውቀው ቁጥር ላይ ነው። ውጤቱ እንግዳ ነው፤ በወረቀት ላይ የከተማው የውሃ ሽፋን ከፍ ብሎ ሲታይ ቦኖው ላይ ያለው የጀሪካን ሰልፍ በእጥፍ ይረዝማል። ነዋሪው የሰልፉን ምክንያት የሚያየው በዓይኑ ፊት ከቆመው ተፈናቃይ ነው እንጂ ከተሳሳተው ስሌት አይደለም፤ በተቀባዩ ማኅበረሰብና በተፈናቃዩ መካከል የሚነሣው ቅሬታ ግማሹ ከዚህ የሚመነጭ ይመስለኛል።

ሁለተኛው እንቅፋት መሸኛ ነው። ወደ አዲስ ቀበሌ የሚገባ ሰው የነዋሪነት መታወቂያ ለማውጣት ከቀድሞ ቀበሌው መሸኛ ይጠየቃል። የቀበሌው ጽሕፈት ቤት የተቃጠለበት፣ ወይም ተመልሶ ቢሄድ ለሕይወቱ የሚሰጋ ሰው መሸኛውን ከማን ያመጣል? መታወቂያ የሌለው ሰው በቀበሌ ስብሰባ ድምፅ የለውም፤ በጥቃቅንና አነስተኛ ለመደራጀት፣ ብድር ለመጠየቅ፣ ሲም ካርድ በስሙ ለማውጣት እንኳ ይቸገራል። ፋይዳ የተባለው ዲጂታል መታወቂያ በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 ሕጋዊ መሠረት ማግኘቱ አንድ በር ከፍቷል፤ ነገር ግን ፋይዳ የሚያረጋግጠው ሰውየው ማን መሆኑን እንጂ የየትኛው ቀበሌ ነዋሪ መሆኑን አይደለም። የቀበሌ በጀትና የቀበሌ ዕቅድ የሚከተለው ደግሞ ነዋሪነትን ነው። በእኔ አስተያየት የከተማና የወረዳ አስተዳደሮች መሸኛ ሳይጠይቁ፣ በሰው ምስክርና በፋይዳ ምዝገባ ላይ ተመሥርተው የተፈናቃይ ነዋሪ መዝገብ መክፈት ይችላሉ፤ ወጪውም አንድ ባለሙያና አንድ መዝገብ ነው።

ሦስተኛው እንቅፋት የእኛ የዕቅድ ሰዎች ልማድ ነው። በሥራ ዘመኔ የሞላኋቸው የሪፖርት ቅጾች የኅብረተሰብ ተሳትፎን የሚለኩት በብር፣ በጉልበትና በተሰብሳቢ ቁጥር ነበር። ስንት ሰው ሐሳብ አቀረበ፣ የትኛው ሐሳብ ዕቅዱን ለወጠው የሚል ዓምድ አላየሁም። ስብሰባውም የሚጠራው ቦታው ከተወሰነ፣ ዲዛይኑ ካለቀ፣ አንዳንዴም ተቋራጩ ማሽኑን ካስገባ በኋላ ነው፤ ተሰብሳቢው «ጥያቄ ካላችሁ» ተብሎ ይጠየቃል፣ አበል ወይም ውሃና ዳቦ ይቀርባል፣ ስም ዝርዝሩ ይፈረማል፣ ፎቶግራፍ ይነሣል። በዚህ ደረጃ የሚሰጥ አስተያየት ሊለውጠው የሚችለው ነገር ቢኖር የምረቃውን ቀን ነው።

ሳይጠየቁ የሚሠሩ ነገሮች እንዴት እንደሚከሽፉ አንድ ምሳሌ ልጥቀስ፤ ከተማውንም ሥራውን ያሠራውንም ድርጅት አልጠራም። ለመጠለያ ነዋሪዎች ተብሎ የተሠራ ቦኖ ለዋናው የውሃ መስመር ቅርብ ስለሆነ ብቻ ከአስፋልቱ ማዶ ተተከለ። ውሃ የሚቀዱት ሴቶችና ሕጻናት ከባድ መኪና የሚበርርበትን መንገድ ማቋረጥ ነበረባቸው፤ ከጨለመ በኋላ ደግሞ መብራት በሌለበት የሚሞክረው የለም። ቦኖው የሚከፈተው በመንግሥት የሥራ ሰዓት፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት አካባቢ ሲሆን፣ እናቶቹ ግን የቀን ሥራ ፍለጋ ከማለዳው 12 ሰዓት ጀምሮ ከመጠለያው ይወጣሉ። ከዐሥር እናቶች ጋር የአንድ ሰዓት ውይይት ቢደረግ ኖሮ ሁለቱም ነገር ይነገር ነበር። የመክፈቻ ሰዓቱን በኋላ ማስተካከል ተችሏል፤ ቧንቧው ግን ተቀብሯል፤ መንገዱም በነበረበት ነው።

የሙያ ሥልጠናውም እንዲሁ ነው። በብዙ መጠለያዎች የሚቀርበው ጥቅል ተመሳሳይ ነው፦ ዶሮ እርባታ፣ በግ ማሞከት፣ ልብስ ስፌት። እነዚህ ክፉ አይደሉም፤ ነገር ግን ንብ ሲያነብ የኖረን፣ ቡና ከችግኝ እስከ ገበያ የሚያውቅን፣ በአንድ ወቅት ብዙ ኩንታል በቆሎ ሲያመርት የነበረን ገበሬ «ምን ትችላለህ?» ብሎ የጠየቀው ማነው? ከደብረ ብርሃን ቁልቁል ወርዶ ሸዋ ሮቢትና ቀወት፣ ኤፍራታና ግድም ብንሄድ ማሾና ሽንኩርት የሚመረትበት፣ በመስኖ የሚለማ ቆላ እናገኛለን። የመሬት ጥበቱ እንደተጠበቀ ሆኖ፣ ጸጥታውም ሲፈቅድ፣ በእኩል እርሻ ወይም በኪራይ የሚሠሩበትን መንገድ ከባለይዞታዎቹ ጋር ተነጋግሮ ማመቻቸት በደጋው ውርጭ ላይ የዶሮ ጫጩት ከማደል የበለጠ ለብዙዎቹ ሊስማማ ይችላል። ይህን እኔ ከወንበሬ ሆኜ እርግጠኛ መሆን አልችልም፤ ለእነርሱ የሚስማማውን እነርሱ ናቸው የሚያውቁት፤ ይህንኑ ለመናገር ነው የምጽፈውም።

እንዴት ይደረግ ለሚለው ጥያቄ ከውጭ አዲስ ዘዴ መፈለግ አያስፈልገንም። የግብርናና ገጠር ልማት ሚኒስቴር በ1997 ዓ.ም. ያወጣው ማኅበረሰብ አቀፍ አሳታፊ የተፋሰስ ልማት መመሪያ ከ200 እስከ 500 ሄክታር በሚሆን አነስተኛ ተፋሰስ ውስጥ ነዋሪው የራሱን ቡድን እንዲመርጥ፣ ሴቶች በቡድኑ እንዲካተቱ፣ የአካባቢውን ካርታ ሰዎቹ ራሳቸው በመሬት ላይ በድንጋይና በቅጠል እንዲሥሉ፣ ዕቅዱም በጠቅላላ ጉባኤ ቀርቦ እንዲጸድቅ ያዛል። በዚያው ዓመት የተጀመረው የሴፍቲኔት ፕሮግራምም የማኅበረሰብ ሥራዎችን የሚመርጠው በዚህ መንገድ ነው። በየወረዳው ይህን ሲሠሩ የኖሩ የልማት ጣቢያ ሠራተኞች አሉ፤ ብዙዎቹ ከአንድ ከፍተኛ አማካሪ ድርጅት የበለጠ ሕዝብ ማወያየት ይችላሉ። ለእርከንና ለጎርፍ መቀልበሻ ቦይ የሠራ ዘዴ ለመጠለያ ጣቢያና ለአጎራባች ቀበሌ የማይሠራበት ምክንያት አይታየኝም፤ የሚጎድለው አስተዳደሩ «ይህም ሕዝብ የእኔ ነው» ብሎ ባለሙያዎቹን መመደቡ ነው።

በውክልናው ላይ ግን ጥንቃቄ ያሻል። በየመጠለያው የተፈናቃዮች ኮሚቴ አለ፤ አብዛኛውን ጊዜ የተቋቋመው ስም ዝርዝር ለማዘጋጀትና ስንዴና ዘይት ለማከፋፈል ነው። ራሽን የሚያድል ሰው ስለ ራሽኑ የሚፈራ ተከታይ አለው፤ ስለዚህ በዕቅድ ስብሰባ ላይ እርሱ ብቻ «ሕዝቡን ወክሎ» ሲናገር ሌላው ዝም ይላል። ለልማት ዕቅድ የሚወከሉት ሰዎች ከማከፋፈሉ ሥራ የተለዩ፣ በአጭር ጊዜ የሚታደሱ፣ ቢያንስ ግማሾቹ ሴቶች መሆን ይገባቸዋል። ሰዎች ከመጠለያ መጠለያ ቢዛወሩም አብሯቸው የሚኖረው ማኅበራዊ ተቋም እድር ነው፤ ተፈናቃዮች ሸራ ሥር ሆነው እንኳ ሐዘንተኛ ለማስተዛዘን እድር እንደሚያቋቁሙ የምናውቅ እናውቃለን። የእድር ዳኛና ገንዘብ ያዥ በሰው ፊት የተፈተኑ ናቸው። ከእነርሱ መጀመር በአንድ ቀን ስብሰባ እጅ አስወጥቶ ከማስመረጥ የተሻለ ነው። በመጠለያ ሳይሆን በከተማው ውስጥ ቤት ተከራይተው ወይም ዘመድ ተጠግተው የሚኖሩት ደግሞ በየትኛውም ኮሚቴ ውስጥ የሉም፤ እነርሱን ለማግኘት ቤት ለቤት መሄድ ያስፈልጋል፤ ለዚህ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችን የሚያህል አዋቂ የለም።

አሁን ብዙ ጊዜ ወደማይነገር ነገር ልግባ። ለተፈናቃይ ቤት መሥሪያ ቦታ ሲፈለግ መሬቱ ከየት ይመጣል? ከከተማው ዳር ካሉ ገበሬዎች ነው። ደብረ ብርሃን ለፋብሪካ፣ ለመንገድና ለመኖሪያ ስትሰፋ እነዚህ ገበሬዎች የገብስና የባቄላ ማሳቸውን ለቀዋል፤ እነርሱም በልማት ምክንያት ተነሺዎች ናቸው። አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ሲወጣ ባለይዞታው መሬቱን ከማስረከቡ በፊት ስለ ልማቱ ዓይነትና ጥቅም እንዲመክርበት፣ ከካሣ በተጨማሪ በዘላቂነት የሚቋቋምበት ሥርዓት እንዲዘረጋለት ደንግጎ ነበር። በተግባር ግን የልማት ተነሺው ጉዳይ በአንድ ቢሮ፣ የግጭት ተፈናቃዩ ጉዳይ በሌላ ቢሮ ይታያል፤ ሁለቱ በአንድ ማሳ ላይ የሚገናኙት ካድሬውም መሐንዲሱም ከሄዱ በኋላ ነው። መሬቱን ያጣው ገበሬና በመሬቱ ላይ የሰፈረው ተፈናቃይ አስቀድመው በአንድ ጠረጴዛ ካልተቀመጡ፣ ነገ የሚነሣው ጠብ ያቀደው ክፍል የጠነሰሰው ይሆናል። ተቀባዩ ማኅበረሰብ የራሱ ድርሻ በዕቅዱ ውስጥ መኖሩን ማየት አለበት፦ ለመጠለያው የሚዘረጋው የውሃ መስመር በመንገዱ ላይ ያሉትን መንደሮች ይነካል ወይስ አልፏቸው ይሄዳል፤ የሚጨመረው የመማሪያ ክፍል የሁለቱንም ልጆች ይቀበላል ወይስ ለብቻ የተከለለ ነው። በቻልሁት ሁሉ አብሮ የሚያውለውን እመርጣለሁ።

«ተፈናቃዮች በከተማው ዕቅድ ከተካተቱ ወደ ቀያቸው የመመለስ መብታቸው ይጠፋል» የሚል ሥጋት ከራሳቸው ከተፈናቃዮችም፣ ከፖለቲካ ሰዎችም ይሰማል። ሥጋቱን አልንቀውም። በተለይ መሬትና ቤት ትቶ ለወጣ ሰው፣ ባለበት ቦታ ነዋሪ ተብሎ መመዝገብ ያኛውን እንደመተው ሊቆጠርበት ይችላል ብሎ ቢፈራ አይፈረድበትም። ለዚህ መልሱ ምዝገባው የቀድሞ ይዞታን እንደማይነካ በጽሑፍ ማረጋገጥ ነው፤ ከዕቅድ ውጭ አድርጎ ማስቀመጥ መልስ አይሆንም። ሰዎች ለመመለስም ቢሆን መጠየቅ አለባቸው። በ2010 ዓ.ም. ከጌዴኦና ከጉጂ አካባቢዎች አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ ተፈናቅሎ በ2011 ዓ.ም. በፍጥነት እንዲመለስ ሲደረግ፣ ብዙዎች ቤታቸው እንደተቃጠለ፣ ማሳቸው ጠፍ እንደሆነ፣ ጸጥታውም ሳያስተማምን ተመልሰው እንደገና ሌላ ቦታ ለመጠለል መገደዳቸውን አይተናል። በ2016 ዓ.ም. ከእኛ አካባቢ ወደ ምሥራቅ ወለጋ የመመለስ ሥራ ሲጀመርም ተፈናቃዮች ደጋግመው ያነሡት ጥያቄ ስለ ትራንስፖርት አልነበረም፤ ማን ይጠብቀናል የሚል ነበር። የሚመለሱበት ቀበሌ የልማት ዕቅድ ሲወጣ፣ የትኛው መንደር በቅድሚያ ይሠራ፣ ትምህርት ቤቱ ወይስ ወፍጮው ይቅደም፣ ከቀሩት ጎረቤቶች ጋር እርቁ በምን ይጀመር የሚለው ከተመላሹም ከነባሩም ጋር ያልተመከረበት መመለስ በአውቶቡስ የተጓጓዘ ሌላ መፈናቀል ነው።

«ጊዜያዊ ናቸው» የሚለውም ክርክር አያስኬድም። ከሶማሌና ከኦሮሚያ ክልሎች ግጭት በኋላ በጅግጅጋ አቅራቢያ በቆሎጂ የተጠለሉት ወገኖች እዚያ ከገቡ ብዙ ዓመታት ተቆጥረዋል፤ እዚያ የተወለደ ልጅ ፊደል ቆጥሯል። የሶማሌ ክልል ከሌሎቹ ቀድሞ በ2010 ዓ.ም. የዘላቂ መፍትሔ ስትራቴጂ ማውጣቱ የሚያስመሰግነው ሆኖ፣ በሌሎቻችን ክልሎች ግን ተፈናቃይ በየዓመቱ «በሚቀጥለው ዓመት ይሄዳል» ተብሎ ከዕቅድ ይዘለላል። በየዓመቱ የተዘለለ ሰው የሚኖረው ያለ ትምህርት ቤትና ያለ ፍሳሽ ማስወገጃ ነው።

መፈናቀል በግጭት ብቻ እንደማይመጣም ያለፉት ዓመታት አሳይተውናል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን ገዜ ጎፋ ወረዳ የደረሰው የመሬት መንሸራተት ከ200 በላይ ሰዎችን ሲገድል፣ ብዙዎቹ ቀድሞ የተቀበሩትን ለማውጣት የተሰበሰቡ ጎረቤቶች ነበሩ፤ የተረፉት ወዴት ይስፈሩ የሚለው የአፈር ጥናትን ብቻ ሳይሆን እንሰቱን፣ መቃብሩንና ዘመዱን ትቶ የሚሄደውን ሰው ፈቃድም ይጠይቃል። በ2017 ዓ.ም. በፈንታሌና በአዋሽ አካባቢ የመሬት መንቀጥቀጡ ሲበረታ ከአፋርና ከኦሮሚያ ቀበሌዎች በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ተነሥተዋል። ለአርብቶ አደር የመጠለያ ቦታ ሲመረጥ ለመኪና መግቢያ የሚመች መሆኑ የመጀመሪያው መስፈርት ከሆነ፣ ግመሉና ፍየሉ የት ይሰማሩ፣ የት ይጠጡ የሚለው ይዘነጋል፤ ጎሳውን የሚያውቁ ሽማግሌዎች ደግሞ የትኛው ግጦሽ የማን እንደሆነ፣ በየትኛው ወር እንደሚከፈት በቃላቸው ይዘውታል። እነርሱን ሳያማክሩ ማስፈር በሚቀጥለው በጋ የግጦሽ ግጭት ማቀድ ነው።

ወጪ ይበዛል ለሚሉት የምለው ጥቂት ነው። ምክክር ጊዜ ይወስዳል፤ እውነት ነው። ማንም የማይገባበት ሼድ፣ ውሃ የሌለው ቦኖ፣ ከገበያ የራቀ መንደር ግን ከዚያ የበለጠ ይወስዳል፤ እነዚህን ሁላችንም በየከተማችን አይተን አልፈናል።

የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ቀን ይጀምራል፤ የወረዳና የከተማ አስተዳደር ዕቅድ ዝግጅት ግን ወራት ቀደም ብሎ ይጀመራል፤ ምክክር የሚጠቅመውም በዚያን ጊዜ ነው እንጂ ምክር ቤቱ ካጸደቀ በኋላ አይደለም። ተፈናቃይ የሚያስተናግዱ አስተዳደሮች በመጪው የዕቅድ ዝግጅት ላይ፣ በቀበሌ ደረጃ ከሚደረገው የፕሮጀክት ምርጫ ጀምሮ፣ ተፈናቃዮችና ተቀባይ ነዋሪዎች አንድ ላይ የሚቀመጡበትን ጉባኤ እንዲጠሩ፣ የቀረበውን ሐሳብ፣ የተቀበሉትንና ያልተቀበሉትን ከነምክንያቱ በቀበሌው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ እንዲለጥፉ እጠይቃለሁ። ከጋዜጣችሁም አንድ ነገር ብለምን ደስ ይለኛል፦ ጋዜጠኞቻችሁ የመጠለያ ቤት ወይም የውሃ ፕሮጀክት ርክክብ ሊዘግቡ ሲሄዱ ከስንት ብርና ከስንት አባወራ በኋላ ቦታውን ማን እንደመረጠውና መቼ እንደተመረጠ አንድ ጥያቄ ይጨምሩ፤ መልሱን የፕሮጀክቱን ኃላፊ ብቻ ሳይሆን ቁልፍ የተቀበለችውን እናት ጠይቀው ይጻፉልን።

ከአክብሮት ጋር፣
በጡረታ ላይ ያለሁ የዕቅድ ባለሙያ፣ ከደብረ ብርሃን